አየሩ ውሃ ጠማው

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ነው። ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሳ የተሳፋሪው የመጀመሪያ የጋራ ሥራ መስኮት መዝጋት ነው። አስተባባሪ አያስፈልገውም፤ ሁሉም በየወንበሩ የየራሱን መስታወት ይገፋል። ጣት የማታሾልክ ክፍተት ከቀረች ከኋላ ወንበር "ወንድሜ፣ እባክህ ዝጋው፤ ብርድ ሊመታን ነው" የሚል ድምፅ ይመጣል። ውጭ የታኅሣሥ ፀሐይ ቦግ ብላለች። ውስጥ ጉንፋን የያዘው፣ ሳል የጀመረው፣ ዶሮ በከረጢት ያዘለው፣ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው እየሳበ ጎባ ይደርሳል። በማግሥቱ ግማሹ ሲያስነጥስ ይውላል። ጥፋተኛው ወዲያው ይታወቃል፤ ጎባ መናኸሪያ ላይ በሩ ሲከፈት ሽው ብሎ የገባው ንፋስ ነው።

ብርድ መፍራታችን ምንም አይገርምም። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ወጥቶ ሰነቴ አምባ ላይ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ የቱሉ ዲምቱ ተራራ በ4,377 ሜትር ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ቁልቁል ያያል። በበጋ ሌሊት ሰነቴ ላይ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ እዚያው ቦታ ቀን ላይ ፀሐይዋ ፊት ትልጣለች። የጎባ ሰው ሮቤን "ነፋሻ" እያለ ያማታል። የሮቤ ሰው ደግሞ ባሌ ክፍለ ሀገር ሳለች ጎባ ዋና ከተማዋ ስለነበረች ብርዷም የክፍለ ሀገር ደረጃ ነው ይላል፤ የዞኑ ቢሮዎች ወደ ሮቤ ሲመጡ ብርዱ ግን የዝውውር ደብዳቤ አልደረሰውም።

የሚገርመው ሁሉንም ጥፋት በብርድ ላይ መጣላችን ነው። ጥቅምት አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ተረከዝ ይከፈላል፣ ልጅ ከእንቅልፉ በደም የራሰ አፍንጫ ይዞ ይነሳል። "ብርዱ ነው" እንላለን፤ ድርቀት የሚባል ሌላ ተከሳሽ መኖሩን ማንም አያነሳም። መድኃኒቱም በዚያው ልክ ነው፤ ከንፈር ላይ ቫዝሊን፣ አናት ላይ ቅቤ፣ ካልተሻለ ዳማከሴ። ነገሩ ሲጠና ባሕር ዛፍ ቅጠል በድስት ተቀቅሎ፣ ጋቢ ተከናንቦ መታጠን ይመጣል። ጉሮሮ ይለሰልሳል፣ አፍንጫ ይከፈታል። ምስጋናው በሙሉ ለቅጠሉ ነው። ሥራውን ከቅጠሉ ጋር እኩል የሠራው ውሃ ግን ስሙ ሳይነሳ ይደፋል።

ማታ ደግሞ ሌላ ሥነ ሥርዓት አለ። በሩ ይዘጋል፣ ከሥሩ አሮጌ ጨርቅ ይወተፋል፣ ከሰል ማንደጃ መሐል ቤት ይገባል፣ በላዩ ማንቆርቆሪያ ይጣዳል። በሮቤ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ማንቆርቆሪያው ቶሎ ማንሾካሾክ ይጀምርና ሳያውቀው የቤቱን አየር ሲያረጥብ ያመሻል። ይህ ማለፊያ ነው። የማያምረው ከሥሩ ያለው ነው። ከሰል ሲቀላ ጭስ የለውም፤ ጭስ ስለሌለው ሰዉ መርዝም የለውም ብሎ ይተኛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ሊያድን የሚችለው ከበሩ ሥር የሚገባው ንፋስ ነበር፤ እሱን ደግሞ በጨርቅ ወትፈነዋል። ቫዝሊን ለመግዛት ሱቅ የሚሮጥ አባወራ ማንደጃውን ሳይተኛ በፊት ውጭ ለማውጣት ግን "ብርድ ይመታኛል" ብሎ ይሰንፋል።

እንግዲህ ከዚህ አገር የሚሰደድ ሰው ወደ ሞቃት ቦታ ይሄዳል ብላችሁ ካሰባችሁ ሚኒሶታን አታውቋትም። በአሜሪካ ከኦሮሚያ የወጡ ሰዎች በብዛት ከሚኖሩባቸው ግዛቶች አንዷ ሚኒሶታ ናት፤ ሚኒያፖሊስ ውስጥ የባሌን ሰው ለማግኘት ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም። ጥር ላይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በታች የምትወርድ ከተማ ናት። የማውቀው አንድ የጎባ ልጅ እዚያ ቤት ገዝቷል። ቤቱ ሥር ቤዝመንት አለ፤ ቤዝመንቱ ውስጥ ፈርነስ የሚባል የጋዝ ማሞቂያ አለ፤ ከፈርነሱ የሚነሱ የቆርቆሮ ቱቦዎች ሙቅ አየር ይዘው በየክፍሉ ይወጣሉ። ጎባ ላሉት አክስቱ ይህን ሁሉ በስልክ ቪዲዮ አስጎብኝቷቸዋል።

"እሳቱ የታለ?" አሉ።

"ውስጥ ነው እትዬ፣ ተዘግቶ ነው የሚነደው። ጭሱ በቱቦ ውጭ ይወጣል።"

"ማንቆርቆሪያውንስ ምን ላይ ትጥዳለህ?"

ልጁ ሳቀ። ጥያቄው ግን ሙያዊ ነበር፤ ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣው የማንቆርቆሪያው አለመኖር ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር ሲቀዘቅዝ ውሃ የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ውሃ ይይዛል። ዜሮ ዲግሪ ላይ 5 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ከዜሮ በታች 20 ላይ 1 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ያንን ባለ 1 ግራም አየር ወደ ቤት አስገብቶ 20 ዲግሪ ሲያሞቁት ውሃ አልተጨመረለትም፤ አቅሙ ብቻ ሰፋ። ሊይዝ ከሚችለው ከመቶ ስድስት እጁን ይዞ በየክፍሉ ሲዞር የጎደለውን ከሰዉ ከንፈር፣ ከአፍንጫው፣ ከወንበሩ እግር፣ ከወለሉ ጣውላ ይመጠምጣል። ጎባ ያለ ማሞቂያ የሌለው ቤት እንዲህ ያለ ችግር የለበትም፤ አየሩ ቀዝቅዞ ይገባል፣ እንደቀዘቀዘ ይኖራል፣ ሰዉም አብሮት ይንቀጠቀጣል። ይህን ድርቀት የሚያመጣው ማሞቁ ነው። ገንዘብ ከፍሎ ይሞቃል፤ ስለሞቀ ይደርቃል፤ ስለደረቀ ደግሞ ውሃ የሚያጠጣለት ማሽን ይገዛል።

የጎባው ልጅ እዚህ ደረጃ የደረሰው ልጆቹ የበሩን እጀታ ሲነኩ ብልጭታ ሲቆነጥጣቸው ነው። ሌሊት ሹራቡን ሲያወልቅ ጨለማው ውስጥ ሲንጣጣ ያየች ሚስቱ መጀመሪያ ጸሎት ልትጀምር ነበር። በኋላ ከጎረቤት ጠይቀው ድርቀት መሆኑን ሰሙ፤ መድኃኒቱም ፈርነሱ ላይ የሚገጠም የሙሉ ቤት ሂውሚዲፋየር እንደሆነ ተነገራቸው። ለቴክኒሻን የተጠየቀው ዋጋ ግን ሲሰሙት ከድርቀቱ ይልቅ ጉሮሮ የሚዘጋ ሆነ። "ይሄማ ቆርቆሮ መቅደድ አይደለም?" አለ ልጁ። ዕቃውን ገዝቶ ቅዳሜ ጓደኞቹን ጠራ።

የአገራችን ልጆች ሲሰበሰቡ ሙያ አይጠፋም። አንዱ ሮቤ እያለ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። አንዱ መሐንዲስ ነው፤ እዚያ ታክሲ ይነዳል። አንዱ ነርስ ነው፤ ፈርነስ ነክቶ ባያውቅም ቱቦ ማስገባት ዕለታዊ ሥራው ስለሆነ ሐሳቡ ተደምጧል። አንዱ ምንም አያውቅም፤ እሱ ሰብሳቢ ሆነ። ቡና ተፈላ። አገጣጠሙን የሚያሳየው ቪዲዮ ላይ ፈረንጁ በ20 ደቂቃ የጨረሰውን ሥራ እነሱ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ አልጀመሩትም፤ ክርክሩ ማሽኑ ሙቅ አየር በሚያወጣው ቱቦ ላይ ይሁን ወይስ ቀዝቃዛውን በሚመልሰው ላይ የሚል ነበር። በሁለቱም ይቻላል፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል። መመሪያው ላይ ግን ጀበናው ተቀምጦበት ነበር።

አሠራሩ ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። ማሽኑ ሁለቱን ቱቦዎች በትንሽ ማቋረጫ ቱቦ ያገናኛቸዋል። ከላይ ከውሃ መስመር የተጠለፈ ቀጭን ቱቦ ቀዳዳ የበዛበት ንጣፍ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ሙቁ አየር በንጣፉ ሲያልፍ እርጥበት ይዞ ይሄዳል፤ የተረፈው ውሃ ከሥር ወደ ፍሳሽ ይወርዳል። ግድግዳ ላይ ያለ መቆጣጠሪያ እርጥበቱ ሲበቃ ቫልቩን ይዘጋል። ንጣፉ በየዓመቱ ይለወጣል፤ ካልተለወጠ የውሃው ኖራ ይጋገርበትና ማሽኑ ለስሙ ብቻ ይሠራል። ሙቀቱ ሲገባ ማቋረጫው መዘጋት አለበት። በቃ፣ ይኼው ነው።

ቀዳዳው የት እንደሚቀደድ የሚያሳይ ወረቀት ከዕቃው ጋር መጥቷል። ወረቀቱን ገልብጠው ለጠፉት። ባለ ቆርቆሮው ልጅ ሙያው እንዳልጠፋበት ለማሳየት በአንድ ትንፋሽ ቀደደው። ቀዳዳው ከማሽኑ ጋር አልገጠመም፤ ሌላ ተቀደደ፤ የመጀመሪያው በብርማ ፕላስተር ተሸፈነ። ማሽኑ ወደ ጎን እንዳያዘነብል በውሃ ልክ መታየት ነበረበት። መሐንዲሱ "ውሃ ልክ ምን ይሠራል፣ በዓይን ይታያል" አለ፤ አምስት ዓመት የተማረበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። ውሃው ሲከፈት በንጣፉ ግራ ጥግ ብቻ መውረዱ ታየ። ነርሱ ከሥሩ ካርቶን አጥፎ ሰገሰገና ቀና አደረገው። ካርቶኑ ሲረጥብ ምን እንደሚሆን ማንም አልጠየቀም፤ ምሳ ደርሶ ነበር።

ዋናው ጥበብ ግን ማታ መጣ። መቆጣጠሪያው ላይ ቁጥሮች አሉ። መመሪያው ውጭ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሲሆን ከ25 በመቶ አትለፍ፣ ከዜሮ በታች 29 ሲሆን 15 ይበቃሃል ይላል። የጎባው ልጅ 60 ላይ አቆመው። "ሙሉ ዋጋ ከፍዬ ሩቡን ብቻ ልጠቀም?" ይህ አመክንዮ ለእንግዳ አራተኛ እንጀራ የሚያነባብረው ያው የአገር ቤቱ አመክንዮ ነው። ጠዋት ሲነሱ መስኮቶቹ ሁሉ ውሃ ያዘንባሉ፤ ከመስታወቱ ሥር ያለው እንጨት ላይ በረዶ ቆሟል። ሳምንት ሳይሞላ የልጆቹ ክፍል ጥግ ላይ ጥቁር ሻጋታ ብቅ አለ።

"እትዬ፣ ቤቱ አላበው" ብሎ ደወለ።

"መስኮት ከፍተህ አደርክ?"

"ኧረ ዝግ ነው!"

"እሰይ የኔ ልጅ። እንዳትከፍተው።"

እዚህ ላይ የማብሰያ ቤቱ ጉዳይ ይመጣል። በውጭ አገር ያለ አበሻ ቤት ውስጥ ከምድጃው በላይ ያለ የአየር ማስወጫ ዕረፍት የለውም። ቁሌት ሲጀመር በሙሉ ኃይሉ ይለቀቃል፤ ጎረቤት ሽንኩርቱን እንዳይሸት፣ ኮቱ ላይ እንዳይቀር፣ ነገ ሥራ ቦታ "ምን በልተሽ ነው?" እንዳይባል። ማስወጫው የቁሌቱን ሽታ ብቻ መርጦ አያወጣም። ፈርነሱ በጋዝ ያሞቀውን፣ ማሽኑ በውሃ ያረጠበውን አየር አብሮ ጠርጎ ለሚኒያፖሊስ ሰማይ ያስረክባል። በምትኩ በየስንጥቁ ባለ 1 ግራሙ አየር ይገባል፤ ፈርነሱ ይነሳል፣ ቫልቩ ይከፈታል፣ ውሃው ይንጠባጠባል። ድስቱ ራሱ ክዳኑ ተከፍቶ ለሁለት ሰዓት ሲንተከተክ ያለ ክፍያ የሚሰጠውን እንፋሎት ከላይ መንጠቅና ከሥር በገንዘብ መተካት የአንድ ቤት ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ የሚሠሩት የዕለት ሥራ ሆኗል። ሚስትየው ስለ ማሽኑ አታስብም፤ ባልየው ስለ ማስወጫው አያስብም።

አክስቱን ከሁሉም በላይ ያንገበገባቸው ግን ፍሳሹ ነው። የዚህ ዓይነቱ ማሽን ከሚያተነው የሚበልጠውን ውሃ ወደ ፍሳሽ ይሰዳል፤ ኖራው እንዳይጋገር ንጣፉን እያጠበ። ይህን ለባሌ ሰው አስረዱ እስቲ። ቧንቧ የምትመጣበትን ቀን ጠብቆ፣ ቢጫ ጀሪካን በባጃጅ ጭኖ፣ የፊት መታጠቢያውን ለወለል፣ የወለሉን ለጓሮ ጎመን የሚያደርስ ሰው ጥሩ የመጠጥ ውሃ ቀንና ሌሊት ወደ ጉድጓድ ይወርዳል ሲባል ምን ይላል? አክስቱ "ሕመም ነው" ነው ያሉት። ልጁ የእርጥበት መለኪያ መግዛቱንም ነግሯቸዋል። ሲናና ያለው ወንድማቸው ኮምባይነር የጣለውን ስንዴ መድረቁን የሚያየው ነክሶ ነው፤ ቀጭ ካለ ይሸጣል፣ ከተልመጠመጠ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ገና በሚባለው የበልግ ወቅት የተዘራው ስንዴ ዝናብ ላይ ሲደርስ፣ ቦና የሚባለው የመኸሩ ደግሞ ውርጭ ላይ ሲደርስ በዚያው ጥርስ ነው የሚለየው። ያም መለኪያ ባትሪ አይፈልግም፤ ጥርስ ሐኪም ግን ይፈልጋል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሩቅ አገር ጣጣ ነው ብሎ የሚዝናና የሮቤ አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሥ። ልጁ ሮቤ ላይ ቤት እየሠራ ነው። ቦታው ላይ የአያቶቹ ጭቃ ቤት ነበር። በጭድ የተቦካ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ አየሩ ሲረጥብ እርጥበቱን ይጠጣል፣ ሲደርቅ መልሶ ይሰጣል፤ መቆጣጠሪያም ሽቦም የለውም፣ በየዓመቱ ልቅለቃ ብቻ ይጠይቃል። ይህን የሚያውቁ የአውሮፓ ባለሙያዎች ዛሬ የጭቃ ልስን እንደ ዘመናዊ ነገር በውድ ያስለስናሉ። እኛ በዶማ አፈረስነው። በምትኩ ብሎኬት ቆመ፣ ወለሉ ላይ ውሃ የማይጠጣ፣ ሙቀት የማይዝ፣ ጠዋት በባዶ እግር የረገጠውን ሰው ወደ አልጋው የሚመልስ ሴራሚክ ተነጠፈ፤ ፊት ለፊቱ በሙሉ ሰማያዊ መስታወት ሆነ። መስታወቱ እንዲያማልል ነው የተሠራው፤ ስለዚህ ባለቤቱ እስኪመጣ መጋረጃ ተጋርዶበታል።

በሩማ የራሱ ታሪክ አለው። አናጢው ክረምት ላይ ካልደረቀ እንጨት ሠራው። ታኅሣሥ ላይ እንጨቱ ደርቆ ተኮማተረ፤ በሩና መቃኑ መካከል ድመት የሚያሳልፍ ክፍተት ወጣ። በጨርቅ ተወተፈ። ነሐሴ ላይ አበጠና አልዘጋ አለ። አናጢው ተጠርቶ በመላጊያ ላገው። ታኅሣሥ ሲመጣ ክፍተቱ ይበልጥ ሰፋ፤ ጨርቁ በፎጣ ተተካ። እንዲህ እያለ በየክረምቱ ከበሩ ይላጋል፣ በየበጋው ጨርቅ ይጨመራል። በዚህ አያያዝ ጥቂት ዓመት ቢቆይ በሩ አልቆ ጨርቁ ብቻ ይቀራል። እንጨቱን ሳይሠሩበት በፊት ከጥላ ሥር ደርድሮ ማድረቅ የሚባል ነገር አለ፤ አናጢውም ያውቀዋል፤ ደንበኛው ግን ለምረቃ ቸኩሏል።

ልጁ አሁን የሚጠይቀው ፈርነስና ሂውሚዲፋየሩ ሮቤም ይገጠምልኝ ነው። የጋዝ መስመር የለም፤ መብራት ራሷ ስትመጣ ነው የምትመጣው። ግንበኛው "ጌታዬ፣ መጀመሪያ የቱን ላድርግ? ማድረቂያውን ነው ማርጠቢያውን?" ብሎ ጠየቀው። ቀልዱ ይመስላል፤ ግን ከልቡ ነበር።

ከዚያ ሰማያዊ መስታወት ፊት ለፊት፣ በደቡብ አቅጣጫ፣ ማንም በ20 ደቂቃ ያልገጠመው ማሽን አለ። ሰነቴን ቁልቁል ወርዶ ሐረና ጫካ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ከንፈሩ የተሰነጠቀው መንገደኛ ሽበት በሚያንጠለጥሉ ዛፎች መካከል፣ ጉም ውስጥ፣ ፊቱ ርሶ ያገኘዋል። ከህንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራው ሲገታው እርጥበቱን እዚያ ያራግፋል። ወይብ፣ ወልመል፣ ዱማል የተባሉት ወንዞች ከእነዚህ ተራሮች ይነሳሉ፤ ሕይወታቸው በዚህ ውሃ ላይ የቆመ ሰዎች እስከ ሶማሊያ ድረስ 12 ሚሊዮን ይሆናሉ ይባላል። ዩኔስኮ ባሌ ተራሮችን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዘገበ። እኛ ደግሞ ከላይ ያለውን የአስታ ቁጥቋጦ ለግጦሽ እያቃጠልን ከታች ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን፤ ሰልፉ ላይም ስለ ዝናቡ መዘግየት እናወራለን።

ባለፈው ሐምሌ ልጁ ሲደውል ከኋላው ሌላ ነገር ሲያጉረመርም አክስቱ ሰሙ።

"ያ የሚጮኸው ምንድን ነው? ውሃ ማጠጫው ነው?"

"አይደለም እትዬ። እሱ ያኔ ለብርዱ ነበር። አሁን ሙቀት ገብቶ ቤዝመንቱ እርጥበት በእርጥበት ሆኗል። ይሄኛው አየሩን የሚያደርቅ ነው።"

አክስቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎት "ሃሎ፣ ሃሎ" አለ።

"ሰምቼሃለሁ። ያኛው የሚያረጥብ፣ ይሄኛው የሚያደርቅ።"

"አዎ።"

"ካደረቀው በኋላ ውሃውን ምን ያደርገዋል?"

"ባልዲ ውስጥ ያጠራቅመዋል። ጠዋት ጠዋት እደፋዋለሁ።"

"ስንት ይሆናል?"

"ግማሽ ጀሪካን ቢሆን ነው።"

"በየቀኑ?"

"ሲብስበት አዎ፣ በየቀኑ።"

"እና አንተ ልጅ፣ ይህን እስከ ጥቅምት አጠራቅመህ ለዚያኛው አታጠጣውም?"

ልጁ እስኪያስለው ሳቀ። ከጀርባው ግን ሚስቱ ክዳኑ የማያፈስ ጀሪካን እዚህ አገር የት እንደሚሸጥ ስትጠይቀው ይሰማ ነበር።